«መኪናህን ልፈትሽ?» ቢለኝስ? የሕግ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቀይ መብራት ስለጣስሁ ፖሊስ አስቆመኝ። «መኪናህን ልፈትሽ?» ሲለኝ ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ። ከተሳፋሪዬ ቦርሳ ዕፅ ወጣና ሁለታችንም ተከሰስን። እምቢ ማለት እንደምችል ሳይነግረኝ መፈተሹ ሕጋዊ ነው?
— የኡበር ሾፌር

መልስ፦ አለመንገሩ በራሱ ፍተሻውን ሕገወጥ አያደርገውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 እንደወሰነው ፖሊሱ ያንን የመንገር ግዴታ የለበትም፤ ራስ መነቅነቅም እንደ ፈቃድ ሊቆጠር ይችላል። ዩኒፎርም ለለበሰ ሰው በአክብሮት ራስ መነቅነቅ ልማዳችን ስለሆነ፣ ብዙ ወገን የሚጠመደው እዚህ ላይ ነው። ሆኖም ፈቃዱ በነፃነት የተሰጠ መሆኑን ማስረዳት የዐቃቤ ሕጉ ሸክም ነው። እንግሊዝኛዎ ውስን ከሆነ ወይም ጥያቄው ሲቀርብ መንጃ ፈቃድዎ በፖሊሱ እጅ ከነበረ ለጠበቃዎ ይንገሩ፤ የደረት ካሜራውንም ቅጂ ያስጠይቁ።

ወደፊት መንጃ ፈቃድና የመኪናውን ወረቀት ይስጡ፤ ውረድ ካለዎትም ይውረዱ፣ ማዘዝ ይችላል። ለፍተሻው ግን በተረጋጋ ድምፅ «አይ ዱ ኖት ኮንሰንት» (አልፈቅድም) ይበሉ። ከዚያ በኋላ ቢፈትሽም አይታገሉ፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ነው። እርግጥ ዕፁን በመስኮት ካየ ፈቃድዎን አይጠብቅም። የማሪዋና ሽታ ብቻውን ግን በቨርጂኒያ ከ2021፣ በሜሪላንድ ከ2023 ወዲህ ለፍተሻ አይበቃም።

ጣቢያ ከተወሰዱ በኋላስ? «ጠበቃ ባናግር ይሻል ይሆን?» ማለት ጠበቃ መጠየቅ አይደለም፤ ምርመራው ይቀጥላል። «አይ ዎንት ኤ ሎየር» ብለው ከዚያ ዝም ይበሉ። ስለ ኳስም ቢሆን ወሬ አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜን ምስክር ከፎቶ ለየችው። ከተደረደሩት ስድስት ሰዎች ጺማም እሱ ብቻ ነበር። ጠበቃው መገኘት አልነበረበትም?
— እህት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ክስ ከተመሠረተ በኋላ ሰዎችን በአካል አሰልፎ ማስለየት ላይ ጠበቃ የመገኘት መብት አለ። በፎቶ ሲሆን ግን የለም። ስለዚህ ትግሉ በአሠራሩ ላይ ነው። ሌሎቹ ፎቶዎች ምስክሯ ቀድማ ከሰጠችው መግለጫ ጋር መመሳሰል አለባቸው። ፎቶውን የሚያሳየው ፖሊስ ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል፤ ምስክሯም «ፈጻሚው ላይኖርም ይችላል» መባል ነበረባት። ጠበቃው ስድስቱን ፎቶዎችና የመጀመሪያውን የፖሊስ ሪፖርት ይጠይቅ። ምስክሯ መጀመሪያ ስለ ጺም ምንም ካላለች፣ መግለጫዋ ከለየችው ሰው ጋር አለመግጠሙ ጠቃሚ ነጥብ ነው። ማስለየቱ አግባብ አልነበረም ማለት ብቻውን አያስጥለውም፤ ዳኛው ምን ያህል እንዳየችው፣ በስንት ቀኗ እንደለየችውና ምን ያህል እርግጠኛ እንደነበረችም ይመዝናል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ በቀላል ወንጀል ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ተፈረደብኝ። ግሪን ካርዴን እንደሚነካ የሰማሁት አሁን ነው። ይግባኝ ይቻላል?

መልስ፦ የፈረደብዎት ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት (ቀላል ወንጀሎችን የሚያየው የታችኛው ፍርድ ቤት) ከሆነ በ10 ቀን ውስጥ ይቻላል፤ ጥፋተኛ ነኝ ብለው ቢሆንም እንኳ። ጉዳዩ ከሱ በላይ ባለው ሰርኪዩት ኮርት እንደ አዲስ ይታያል፤ ቅጣቱ ግን ሊከብድ እንደሚችል ይወቁ። በፌዴራል ፍርድ ቤት ጊዜው 14 ቀን ነው። ለጠበቃዎ «ይግባኝ አስገባልኝ» የሚለውን በስልክ ብቻ አይበሉ፣ በኢሜይል ይላኩ። ቀኑ ካለፈ ሌላ መንገድ አለ፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 የሰጠው ውሳኔ ጠበቃ ከአገር ስለ መባረር አደጋ እንዲያስረዳ ያስገድዳል፤ ግን ይህ በይግባኝ ሳይሆን በተለየ አቤቱታ የሚቀርብ ነው። ቢነገርዎት ኖሮ ጥፋተኛ ነኝ እንደማይሉ ማሳየት ይጠበቅብዎታል።