እኩልነትና ቁጠባ በክሊኒክ ውስጥ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ክሊኒካችን ውስጥ ሁሉም እኩል ድምፅ አለው ብለናል። ድንገተኛ ሕመምተኛ ሲመጣስ በድምፅ ብልጫ ልንወስን ነው?

አይደለም። ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው አንዱ ያዛል፣ ሌላው ይፈጽማል። እኩልነቱ የሚፈተነው ፈረቃ ሲደለደል፣ በጀት ሲመደብና ስህተት ሲገመገም ነው። በሥራው መካከልም የማይሻር አንድ መብት አለ፤ ማንም ሰው አደጋ ሲያይ “ቆይ” የማለት መብት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት የቡድኑ አባላት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን መናገራቸው እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። አንዳንድ ሐኪም ይህን ጊዜ ማባከን ያደርገዋል። እኔ ግን ስሟን እንኳ የማያውቃት ነርስ እንዴት ደፍራ ታስቆመዋለች እላለሁ።

ጥያቄ፦ ለሁሉም ሕመምተኛ እኩል 15 ደቂቃ ብንሰጥ ፍትሐዊ አይሆንም?

ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ አይደለም። ጁሊያን ቱዶር ሃርት የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1971 ጥሩ ሕክምና ይበልጥ በሚያስፈልጋቸው ዘንድ ይበልጥ እንደሚጠፋ ጽፎ ነበር። አንደበተ ርቱዕ የሆነ፣ ስለ ሕመሙ አንብቦ የመጣ ሰው 15 ደቂቃው ይተርፈዋል። አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ወይም ሦስት አራት ሕመም የተደራረበበት ሰው ግን ጉዳዩን ሳይጨርስ ይወጣል። ስለዚህ ረጅሙን ቀጠሮ ለእነዚህ ያዙ። ሕመምተኛው ከመሄዱ በፊትም “ገባዎት?” አትበሉት፤ ከአክብሮት የተነሣ አዎ ይላል። መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ በራሱ አገላለጽ እንዲነግራችሁ ጠይቁት።

ጥያቄ፦ ብክነት መቀነስ ንጽሕናን አይጎዳም?

የትኛው ብክነት እንደሆነ መለየት ነው። ጤናማ ቆዳ ያለውን ሰው የደም ግፊት ለመለካት በተለመደው ሁኔታ ጓንት አያስፈልግም፤ እጅ ማጽዳት ግን ያስፈልጋል። ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠራውን መርፌ መልሶ መጠቀም ግን በፍጹም አይታሰብም። ከጤና ተቋማት ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ አደገኛ አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ከረጢት ሲጣል ግን የሚቃጠለው ያለ ምክንያት ይበዛል። የትኛው ክፍል ምን እንደሚጥል ለማወቅ መጀመሪያ የጽዳት ሠራተኞቹን ጠይቁ። ከማንኛውም አማካሪ የተሻለ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ የአስም መንፊያዎችን ሁሉ በዱቄት ዓይነት እንተካ?

ሁሉንም አትተኩ። በግፊት የሚረጨው መንፊያ የሚጠቀመው ጋዝ ከባቢ አየርን በእጅጉ ያሞቃል፤ ዱቄቱ ይህ ጣጣ የለበትም። ነገር ግን ዱቄቱን ለመሳብ ጠንካራ ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ ትንንሽ ልጆችና አቅማቸው የደከመ አረጋውያን ላይችሉ ይችላሉ። ከሕመምተኛው ጋር ተመካከሩ፣ መንፊያውን እንዴት እንደሚስብም ፊት ለፊት ተመልከቱ። በማደንዘዣ በኩል ውሳኔው ይቀላል፦ ዴስፍሉሬን የተባለው የማደንዘዣ ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2,000 ጊዜ በላይ የማሞቅ ኃይል አለው፤ በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና ደግሞ ምትክ አለው።

ጥያቄ፦ የፀሐይ ኃይል እናስገባ?

አቅሙ ካለ ጥሩ ነው። እኔ ግን ቁጠባውን ውጤቱ ሕክምናውን የማይለውጥ ምርመራ ማዘዝ በማቆም እጀምር ነበር።

ጥያቄ፦ ደመወዝስ እኩል ይሁን?

የግድ አይደለም። ልዩነቱና ምክንያቱ ግን ለሁሉም ይታወቅ፤ ተደብቆ የሚከፈል ጭማሪ ባለበት ቤት ስብሰባ ላይ እውነት የሚናገር አይገኝም።