የሌለ እግር ሲያሳክክ

ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ነርስነትን ገና ለጀመራችሁት ነው። ሌሎቻችሁም ብታነቡት አይጎዳችሁም።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። በስኳር በሽታ ምክንያት ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች የተቆረጠ አንድ አባት ስምንት ሰዓት ገደማ ጠሩኝ። «ልጄ፣ አውራ ጣቴን እከክልኝ፣ ሊገድለኝ ነው።» የቱን ብላቸው ባዶውን አንሶላ አሳዩኝ። እኔ ሞኙ «አባባ፣ እግርዎ እኮ ተቆርጧል» አልኳቸው።

«መቆረጡንማ ካንተ በላይ አውቃለሁ» አሉኝ። «ማሳከኩን ግን አልተወም።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ እስኪነጋም አላናገሩኝም። ካርዳቸው ላይ «ይቃዣሉ» ብዬ ጻፍኩ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አልቃዡም ነበር። እግር ሲቆረጥ አንጎል ውስጥ ያለው የእግሩ ካርታ አብሮ አይቆረጥም። የተቆረጡት ነርቮች ጫፍም ዝም አይልም፣ መልእክት ይልካል፣ አንጎል ደግሞ እንደ ድሮው «ከአውራ ጣት የመጣ ነው» ብሎ ይቀበለዋል። እጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። በዚያ ካርታ ላይ እጅና ፊት ጎረቤታሞች ስለሆኑ፣ እጃቸውን ያጡ አንዳንድ ሰዎች ጉንጫቸው ሲነካ የሌለው ጣታቸው የተነካ ይመስላቸዋል። መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ሳላስበው ጉንጬን ነካ ነካ አድርጌያለሁ።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል። «ፋንተም ሊምብ» (እንደ ጥላ የቀረ አካል) ብሎ ስም ያወጣለት ግን የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞች ያከመው ሳይላስ ዊር ሚቸል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1871።

መድኃኒቱ ሁሌ አይሳካም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ራማቻንድራን የተባለ የአንጎልና የነርቭ ተመራማሪ ያመጣው ዘዴ ግን ቀላል ነው፣ መስታወት ብቻ ይበቃል። በሁለቱ እግሮች መሃል ታቆሙታላችሁ፣ የተቆረጠው ከኋላው ይደበቃል፣ በሽተኛው ደህና እግሩን ሲያንቀሳቅስ የሌለው የተንቀሳቀሰ መስሎ ይታየዋል። ለሁሉም አይሠራም። እኔ ግን ከቁም ሳጥን በር በተፈታ መስታወት ሞክሬ፣ ስንት ሌሊት እንቅልፍ የነሳው ሹፌር «ተጨምድደው የነበሩት ጣቶቼ ተፈቱ!» ብሎ ሲስቅ አይቻለሁ።

አሁን «እግሬ» ሲሉኝ የቱ ጋ፣ እንዴት ነው የሚያደርግዎ ብዬ እጠይቃለሁ። ካርዱ ላይም ያሉትን እጽፋለሁ፦ ግራ አውራ ጣት፣ ያሳክካል።