ሲክል ሴል፣ የቫይረስ ሕመምና የደም መርጋት፦ ጥያቄና መልስ

ከሲክል ሴል (ቀይ የደም ሴሎችን የማጭድ ቅርጽ ከሚያስይዝ በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም) ጋር የሚኖሩ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ስለ ደም መርጋት ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች መልስ እሰጣለሁ።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ ሲክል ሴል አለባት። ኢንፍሉዌንዛ ደሟን ሊያረጋው ይችላልን?

መልስ፦ ይችላል፤ የሚያሳስበኝ ግን ቫይረሱ ቀድሞውንም ለመርጋት በተቃረበ ደም ላይ መድረሱ ነው። የማጭድ ቅርጽ የያዙት ቀይ የደም ሴሎች ዘወትር በሽፋናቸው ውስጠኛ ገጽ የሚገኘውን፣ መርጋትን የሚያፋጥን ስብ ወደ ውጭ ያወጣሉ፤ ሲፈርሱም የሚለቁት ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው ፕሮቲን) የደም ሥሮችን የሚያላላውንና ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ ጥቃቅን የደም ሴሎች) እንዳይጣበቁ የሚከላከለውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ያጠፋዋል። ኢንፍሉዌንዛ ወይም ኮቪድ-19 ሲጨመርበት ብግነቱ (የሰውነት የመቆጣት ምላሽ) የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል፣ ትኩሳትና ትውከት የሰውነትን ፈሳሽ ያሟጥጣሉ፣ አልጋ ላይ መዋልም በእግር ሥሮች ያለውን የደም ዝውውር ያዘገያል።

ጥያቄ፦ ደረቴን ሲያመኝ የተለመደው ሕመም ነው ብዬ ቤት ብቆይስ?

መልስ፦ እባክዎ አይቆዩ። በሲክል ሴል ምክንያት የሚመጣው አጣዳፊ የደረት ሕመምና ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም በምልክት ይመሳሰላሉ፤ አንዳንዴም በአንድ ሰው ላይ አብረው ይገኛሉ። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ራስን መሳት ወይም የአንድ እግር ማበጥ ካለ ለነገ የሚባል ነገር የለም። ትኩሳት ብቻውን እንኳ፣ ስፕሊናቸው (ኢንፌክሽንን ለመከላከል የሚረዳው የሆድ ውስጥ አካል) በአብዛኛው ሥራ ላቆመ ታማሚዎች፣ በአስቸኳይ መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ የዲ-ዳይመር (የረጋ ደም ሲሟሟ የሚቀረውን ቁራጭ የሚለካ የደም ምርመራ) ውጤቴ ከፍ ብሏል። ደሜ ረግቷል ማለት ነውን?

መልስ፦ የግድ አይደለም። የሲክል ሴል ታማሚ ደህና በሆነበት ቀንም ይህ ውጤት ከፍ ሊል ይችላል፤ ቫይረስ ደግሞ የበለጠ ያንረዋል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚተማመነው በእግር አልትራሳውንድ ወይም የሳንባን ደም ሥሮች በሚያሳይ ሲቲ ስካን ነው።

ጥያቄ፦ ለጥንቃቄ ለልጄ አስፕሪን ብሰጠውስ?

መልስ፦ አይስጡት። በኢንፍሉዌንዛ ወይም በጉድፍ የታመመ ልጅ አስፕሪን ሲወስድ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ብርቅ ግን አደገኛ ሕመም ሊከተል ይችላል። ሆስፒታል ለተኙ አዋቂዎች ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ሄፓሪን ያዝዛሉ፤ ያም ቢሆን የመድማት አደጋ ከተመዘነ በኋላ ነው። ለምሳሌ በትንኝ የሚተላለፈው የዴንጊ ቫይረስ ፕሌትሌቶችን ስለሚቀንስ ሚዛኑን ይለውጠዋል።

ጥያቄ፦ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ እወስዳለሁ። ችግር አለውን?

መልስ፦ ኤስትሮጅን ራሱ የመርጋትን ዕድል ይጨምራል። ኤስትሮጅን የሌላቸው አማራጮች ስላሉ ሳይታመሙ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት።