በጄሪካን የተተከለ ቃሪያ አፈሩ ረጥቦ ሳለ ለምን ይጠወልጋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር፣ ተከራይቼ ነው። ግቢው ሲሚንቶ ስለሆነ የባለ 20 ሊትር ጄሪካኖችን አናት ቆርጬ፣ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካኖችንም ጨምሬ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ቃሪያና ሚጥሚጣ ተከልኩ። አፈሩን ከቡና መፈልፈያ ካመጣሁት ገለባ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅያለሁ። ውሃ ቶሎ እንዳያልፍ ከታች አንድ ቀዳዳ ብቻ በስቼ ጠጠር ደልድያለሁ። አሁን ሐምሌ ላይ ቅጠላቸው ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ነው፤ ቀን ቀን ይጠወልጋሉ፣ ጠዋትና ማታ ባጠጣቸውም አልተሻላቸውም። ያበበውም ይረግፋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ውሃ ማጠጣቱን ያቁሙ። ተክሎችዎ የሚጠወልጉት ተጠምተው ሳይሆን ሥራቸው ታፍኖ ነው። ሥር አየር ይፈልጋል። በአፈሩ መሃል ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ ከተሞላ ሥሩ ሥራውን ያቆማል፤ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ላይ ላዩን ሲታይ ጥማት ስለሚመስል ሰው ይጨምርበታል፣ ተክሉም ይብስበታል።

እርግጠኛ ለመሆን በጣም የታመመውን አንዱን ነቅለው ይዩት። ሥሩ ነጭና ጠንካራ ከሆነ የቀሩት ይተርፋሉ። ቡናማ ሆኖ ሲጎትቱት ልጡ ተገፎ እንደ ክር የቀጠነው መሃሉ ብቻ እጅዎ ላይ ከቀረ ግን በስብሷል። ሌላም ቀላል ፈተና አለ። ግንዱን ከአፈሩ ትንሽ ከፍ ብለው ይቁረጡና የተቆረጠውን ጫፍ ንጹህ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሳይነቀንቁ ያንጠልጥሉት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ ችግሩ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ያን ጊዜ ተክሉን ያቃጥሉት። አፈሩንም ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ድንች ወይም ደበርጃን ከማይተከልበት ቦታ ይድፉት፤ ኮምፖስት ውስጥ እንዳይጨምሩት። ጄሪካኑን አጥበው፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉትና ያለቅልቁት። ባክቴሪያው ግን ብዙውን ጊዜ ተክሉን የሚጥለው ቅጠሉ ገና አረንጓዴ እንዳለ ነው። የእርስዎ አስቀድሞ ቢጫ መሆኑ ጣቱን ወደ ውሃውና ወደ ገለባው ይቀስራል።

ከቀዳዳው እንጀምር። ባለ 20 ሊትሩ ከመቀመጫው 8፣ ባለ 5 ሊትሩ 5 ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ ስፋታቸው የእርሳስ ውፍረት ያህል ይሁን። ወፍራም ሚስማር በፒንሳ ይዘው ከሰል ላይ አግለው ይብሱ፤ ጭሱ ጤና ስለማይሰጥ ደጅ ይሁን። ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ዕቃ የታች ቀዳዳው ስለሚደፈን በጎኑም፣ ከመቀመጫው 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው፣ 2 ወይም 3 ቀዳዳ ይጨምሩና ጄሪካኑን በድንጋይ ወይም በጡብ ላይ ያስቀምጡት።

ጠጠሩን ያውጡት። ጠጠር ውሃ ያሳልፋል የሚለው አሮጌ እምነት ብዙ ቃሪያ ፈጅቷል። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ ይዞት ይቆያል። ስለዚህ ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል። አፈሩ በቀዳዳው እንዳይሾልክ ከሆነ የአሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ ከታች ማንጠፍ ይበቃል።

ሁለተኛው ጥፋት ገለባው ነው። ጅማ ላይ የቡና ገለባ እንደ ልብ ስለሚገኝ ሰው ሁሉ ይፈተናል። ጥሬው ገለባ ካፌይንና ታኒን ስላለው ለጋ ሥርን ይጎዳል። በዚያ ላይ አፈር ውስጥ ገብቶ ሲበሰብስ፣ የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ለራሳቸው ይወስዱትና ለቃሪያው አይተርፈውም። ከታች ካረጁት ቅጠሎች የሚጀምር ቢጫነት የዚህ ምልክት ነው። ገለባውን መጣል የለብዎትም፤ ከከብት እበትና ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር እየደረቡ፣ በየ 2 እና 3 ሳምንቱ እያገላበጡ፣ ከ4 እስከ 6 ወር ያብላሉት። ጠቁሮ፣ ገለባነቱ ጠፍቶ፣ የጫካ አፈር ሲሸት ደርሷል ማለት ነው። እጅዎን ሲያስገቡ የሚሞቅ ከሆነ ይቆይ።

ድብልቁ 3 እጅ የላይ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ የወንዝ አሸዋ ይሁን። የጅማ ቀይ አፈር ሸክላማ ስለሆነ ያለ አሸዋ ጄሪካን ውስጥ እንደ ጡብ ይጠጥራል። አሲዳማነትም ስላለው ለአንድ ባለ 20 ሊትር አንድ እፍኝ የተነፋ የእንጨት አመድ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ አይጨምሩ። ቲማቲም ወይም ድንች ከተነቀለበት ጓሮና ከባሕር ዛፍ ሥር አፈር አይውሰዱ።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። ባለ 5 ሊትሩ አንድ የቃሪያ ተክል ቢይዝም ይጠበዋል፤ በበጋ በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ይጠይቃል። ለችግኝ ማፍያ ቢያውሉት ይሻላል። ሚጥሚጣ በደንብ ከተያዘ 2 እና 3 ዓመት የሚቆይ ቁጥቋጦ ነውና ባለ 20 ሊትሩን፣ ለአንድ ተክል አንድ ጄሪካን፣ ይስጡት። የዘይቱ ጄሪካን በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ይታጠብ። ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ውስጡ አልጌ ስለሚያበቅል በከረጢት ይጠቅልሉት ወይም ከውጭ ኖራ ይቀቡት። ፀረ አረም ወይም ፀረ ተባይ የነበረበትን ጄሪካን ግን የቱንም ያህል ቢያጥቡት ለሚበላ ነገር አይጠቀሙ።

አሁን በሕይወት ያሉትን በአዲሱ ድብልቅ ያዛውሯቸው። የበሰበሰውን ሥር በንጹህ መቀስ ይቁረጡ፤ ሥሩ ስለቀነሰ ከላይም ሲሶ ያህሉን ይግረዙ፤ አበባና ፍሬ ካለ ይልቀሙት። ብርሃን የሚያገኝ ዝናብ ግን የማይመታው ክፈፍ ሥር ያስቀምጧቸው፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ውሃ በቀጥታ ጄሪካኑ ላይ እንዳይንጠባጠብ ይዩ። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብተው እርጥብ ከሆነ አያጠጡ። አዲስ ቅጠል እስኪያወጡ ማዳበሪያ አይስጡ፤ የታመመ ሥርን ያቃጥለዋል።

ለከርሞው ጥር አጋማሽ ላይ ይዝሩ። ዘሩን ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ጥልቀት አፈር ያልብሱትና እስኪበቅል በደረቅ ሣር ይሸፍኑት። ቃሪያ ከ10 እስከ 15 ቀን ይበቅላል፤ ሚጥሚጣ 3 ሳምንት ቢዘገይ አይደንግጡ። መጋቢት አጋማሽ ላይ ችግኙ 5 ወይም 6 ቅጠል አውጥቶ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ አመሻሽ ላይ ያዛውሩት። ግንቦት መጨረሻ አረንጓዴ ቃሪያ መልቀም ይጀምራሉ፤ ከባዱ ዝናብም ሥሩ ከጠነከረ በኋላ ይደርስበታል።

ማዳበሪያ ካገኙ ለአንድ ተክል አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ) ሲተክሉ ከአፈሩ ጋር ይቀላቅሉ። ዩሪያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ ይበቃል፤ ግማሹን ከተተከለ ከ3 ሳምንት በኋላ፣ ግማሹን ማበብ ሲጀምር፣ ከግንዱ 5 ሴንቲ ሜትር አርቀው ይቅበሩት። ዩሪያ የበዛበት ቃሪያ ለምለም ቅጠል አብቅሎ አበባውን ያረግፋል። የእርስዎ አበባ ዛሬ የረገፈው በሥሩ መታፈን ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ደህና የነበረው ተክል ማራገፍ ከጀመረ በሌሊቱ ብርድ ሊሆን ይችላል። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው የሚውል ግንብ ማታ ሙቀቱን ስለሚመልስ ጄሪካኑን ወደዚያ ማስጠጋት ይረዳል። በቀን 6 ሰዓት ፀሐይ ያላገኘ ቃሪያ ግን በደንብ አያፈራም።

በበጋ የለጋ ቅጠል መጨማደድ ይመጣል። ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ። ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠው ማለዳ ከቅጠሉ ሥር ይርጩ፣ በ5 ቀን ይድገሙ። የዱቄት ሳሙና ቅጠሉን ያቃጥላል። ጠርዙ ወደ ታች ታጥፎ ለጋው ከጠነከረ በዓይን የማትታይ ሸረሪት መሰል ተባይ ልትሆን ትችላለች፤ ጫፉን ቆርጠው ያስወግዱ። ቢጫና አረንጓዴ ዝንጉርጉር ሆኖ ተክሉ ከቀጨጨ ግን ቫይረስ ነውና ወደ ሌሎቹ ሳይዛመት ይንቀሉት። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ተክሉን ባይነካ ጥሩ ነው፤ የትምባሆ ቫይረስ ወደ ቃሪያም ይተላለፋል።

ፍሬውን እየጎተቱ አይልቀሙ፤ ቅርንጫፉ በቀላሉ ስለሚገነጠል ከነአንገቱ በመቀስ ይቁረጡት። ሚጥሚጣውን ፍሬው ካለቀ በኋላ ከአፈር 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይግረዙት፤ ከላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር አንስተው በበሰለ ኮምፖስት ይተኩለት።