የ12 ሳምንት ዕቅድህ የጎደለው፦ ለግል አሰልጣኝነት ፈተና ለሚዘጋጅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ በስፖርት ሳይንስ ተመርቀህ አንድ ዓመት ያህል የቡድን ኤሮቢክስ ስታሠራ ቆይተሃል፤ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጂም ለግል አሰልጣኝነት ሊፈትንህ ነው። የሰጡህ የቤት ሥራ ስለ አንዲት የ41 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ትቀመጣለች፣ ወገቧን ይይዛታል፣ ክብደት መቀነስና መጠንከር ትፈልጋለች፣ በሳምንት 3 ቀን ለ60 ደቂቃ ትመጣለች። በምዕራፍ የተከፈለ የ12 ሳምንት ዕቅድ ጻፍላት ተባልክ። ረቂቁን ልከህ «ምን ይጎድለዋል?» ብለሃል።

ረቂቅህ 4 ሳምንት ማላመጃ፣ 4 ሳምንት ጥንካሬ፣ 4 ሳምንት ፍንዳታ (እንደ ዝላይ ያለ በፍጥነትና በኃይል የሚሠራ ሥራ) ይላል። ችግሩ አንዱን ምዕራፍ ዘግቶ ሌላውን የሚከፍተው ቀን መቁጠሪያው ብቻ መሆኑ ነው። አራተኛው ሳምንት አልቆም ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ስትሠራ፣ ስትወርድ ጉልበቷ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ምን ታደርጋለህ? ወረቀትህ ላይ መልስ የለም። ልምድ ያለው ፈታኝ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ይህንኑ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ምዕራፍ ሥር «የማለፊያ መስፈርት» የሚል አንድ መስመር ጨምር። ሳምንቱ ግምት ነው፤ የሚያሻግራት መስፈርቱ ነው።

ከዚያ በፊት ግን የመጀመሪያው ገጽ ባዶ ነው። የጤና መጠይቅ የለውም። የልብ ሕመም ወይም ደም ግፊት አለባት? ደረቷን ያማታል? ያዞራታል? የምትወስደው መድኃኒት አለ? የወገቡን ነገር በደንብ ጠይቅ፦ ሲቀመጡ የሚመጣ መያዝ ብቻ ነው ወይስ ወደ እግር የሚወርድ ሕመምና መደንዘዝ አለው? ሁለተኛው ከሆነ ሐኪም ሳያያት አንዲት ዙር አታሠራት። ሕመሙን መሰየም የአሰልጣኝ ሥራ አይደለም፤ ወደሚመለከተው መላክ ግን ነው፤ ይህንንም በወረቀቱ ላይ ጻፈው።

ቀጥሎ የእንቅስቃሴ ምዘና ይምጣ። ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን በትከሻዋ ስፋት ከፍታ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ 5 ጊዜ ስኳት ትሥራ፤ ከፊትም ከጎንም ተመልከታት። ተረከዟ ከተነሳ ወይም ደረቷ ወደ ፊት ከተደፋ ከተረከዟ ሥር ቀጭን ጣውላ ወይም የብረት ሳህን አድርገህ ድገማት። በዚህ ጊዜ ከተስተካከለ ጥፋቱ በአብዛኛው የቁርጭምጭሚት መተሳሰር ነውና ባት ማሳሳብ ዕቅዱ ውስጥ ይግባ። ካልተስተካከለ ዳሌዋንና የሆድ ጡንቻዋን ተመልከት። ይህቺን የሁለት ደቂቃ ሥራ በፈተናው ላይ በተግባር ካሳየሃቸው፣ ከአሥር ገጽ ዕቅድ በላይ ትናገርልሃለች።

አሁን ወደ ምዕራፍ አንድ። ከ12 እስከ 20 ድግግሞሽ፣ ቀላል ክብደት፣ ቀስ ያለ ፍጥነት መርጠሃል፦ 4 ሰከንድ መውረድ፣ 2 መያዝ፣ 1 መነሳት። ምርጫው ትክክል ነው። ጅማትና መገጣጠሚያ ከጡንቻ ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት፤ ቀስ ብሎ መውረድም ስህተቱን ለዓይንህ ያጋልጥልሃል። ነገር ግን 10 እንቅስቃሴ በ3 ዙር፣ እያንዳንዱን 15 ጊዜ ጽፈሃል። ሰዓቱን ቁጠረው። አንዱ ድግግሞሽ 7 ሰከንድ ነው፤ 15 ሲሆን 105። የ60 ሰከንድ እረፍት ሲጨመር 165 ሰከንድ። በ30 ዙር ስታባዛው 82 ደቂቃ ከግማሽ ይሆናል፤ ያውም ያለ ማሟሟቂያ። ሰልጣኟ ያላት 60 ደቂቃ ነው። አዲስ አሰልጣኝ በብዛት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሰዓት ሲያጥረው እረፍቱንና ማሳሳቡን ይቆርጣል፣ ሰልጣኟም ተቻኩላ ትሠራለች።

6 እንቅስቃሴ፣ 2 ዙር፣ 12 ድግግሞሽ አድርገው። 29 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ማሟሟቂያ 8፣ ለሆድና ለሚዛን 8፣ ትሬድሚል 10፣ ማሳሳብ 5 ደቂቃ ስትጨምርበት 60 ይሞላል። እንቅስቃሴዎቹ ስኳት፣ ዳሌ ማንሳት፣ በኬብል መሳብ፣ አግዳሚ ላይ የተደረገ ፑሽአፕ፣ ዝቅ ባለ ደረጃ መውጣትና ቀላል ዳምቤል ወደ ላይ መግፋት ይሁኑ። ማለፊያው፦ ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበትም ሳይገባ 10 ስኳት፣ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ) 45 ሰከንድ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ድግግሞሾች እንደ መጀመሪያዎቹ ንጹህ መሆን፣ እና ወገቧን በማግስቱ አለመያዙ። በ4 ሳምንት ካልደረሰች 6 ሳምንት ይሁን።

የትሬድሚሉን ፍጥነት «መካከለኛ» ብለህ አትለፈው። 220 ሲቀነስ ዕድሜዋ 41፣ 179 ነው፤ ይህ በደቂቃ የከፍተኛ የልብ ምቷ ግምት ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ የተለካ የልብ ምቷ 76 ቢሆን ልዩነቱ 103 ይሆናል፤ ግማሹን በ76 ላይ ስትደምር 127፣ ስድሳ በመቶውን ስትደምር 138 ገደማ ታገኛለህ፤ ትሬድሚሉ ላይ ምቷ በእነዚህ መካከል ይሁን። ቀመሩ ግምት ስለሆነ ከንግግር ፈተና ጋር አጣምረው፦ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ትችላለች፣ መዝፈን ግን አትችልም። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት የልብ ምት እንዳይጨምር ስለሚይዝ፣ ያን ጊዜ ንግግሩን እመን እንጂ ቁጥሩን አትመን።

ምዕራፍ ሁለት ላይ ጥምር ሥራ አስገባ። መጀመሪያ በተረጋጋ አቋም ከበድ ያለ ብረት ከ8 እስከ 12፣ ወዲያው ደግሞ ያንኑ ጡንቻ የሚነካ ቀላልና ቀስ ያለ ሥራ። ለምሳሌ ዳምቤል ቤንች ፕሬስ እንዳበቃ ፑሽአፕ። ክብደቱን ለመገመት ከባዱን አንድ ጊዜ አስነስቶ መፈተን ለእሷ አያስፈልግም። በ24 ኪሎ 10 ጊዜ ስኳት ከሠራች 24ን በ10 አባዛው፣ ለ30 አካፍለው፣ 24ን ደምርበት፤ 32 ይመጣል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ልታነሳው የምትችለው ክብደት ግምት ይህ ነው። ሰባ በመቶው 22 ኪሎ ግድም ነው።

ብረት ሲጨመር አንድ ወጥመድ አለ። ረቂቅህ «በየሳምንቱ 5 በመቶ ጨምር» ይላል። የብዙ ጂሞች ዳምቤል ግን በ2 ወይም በ2.5 ኪሎ ነው የሚዘለው፤ ከ8 ወደ 10 ኪሎ መሄድ 25 በመቶ ጭማሪ ነው! በትከሻ ሥራ ላይ ይህ ዝላይ ቅርጽ ያበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ድግግሞሽ ጨምር። በመጨረሻው ዙር ከታቀደው 2 በላይ ከሠራች፣ ይህም በሁለት ተከታታይ የልምምድ ቀን ከተደገመ፣ ያኔ ወደሚቀጥለው ብረት ተሻገር፤ ድግግሞሹንም ወደ 8 መልሰው። በየአራተኛው ወይም አምስተኛው ሳምንት ዙሩን በግማሽ ቀንስ፣ ክብደቱን ግን አትንካ፤ ድካሙ ሲወርድ ጥንካሬው ባለበት ይቆያል።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ቀይረው። ኤን ኤ ኤስ ኤም የተባለው የአሜሪካ የአሰልጣኞች ማረጋገጫ ሰጪ ድርጅት የሚያስተምረው ሞዴል 5 ምዕራፍ አለው፦ የመረጋጋት ጽናት፣ የጥንካሬ ጽናት፣ ጡንቻ ማሳደግ፣ ከፍተኛ ጥንካሬ እና ፍንዳታ። አምስቱንም መርገጥ ግን ግዴታ አይደለም። ሣጥን ላይ መዝለል ለሯጭ ወይም ለኳስ ተጫዋች ጥቅም አለው፤ ወገቧ ለሚይዛትና ዓላማዋ ክብደት መቀነስ ለሆነ ሴት በዘጠነኛው ሳምንት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። በምትኩ ከ6 እስከ 12 ድግግሞሽ፣ 3 ዙር፣ ሰባ አምስት በመቶ አካባቢ ክብደት ስጣት። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ፤ ፈታኙ ያንን ምክንያት ነው የሚፈልገው።

ዕቅዱ ከጾም ጋር መታየት እንዳለበትም አትርሳ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከ12 ሳምንት ውስጥ 8 ሳምንት ያህል ሊወስድብህ ይችላል። እስከ 9 ሰዓት ውኃም ሳትቀምስ የምትቆይ ከሆነ ከባዱን ሥራ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ከበላች ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፈ ወዲያ አድርገው። በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት አዲስ ምዕራፍ አትክፈት። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አኩሪ አተር በየማዕዱ እንዲኖር አስታውሳት። ለሙስሊም ሰልጣኝ በረመዳን ሰዓቱን ከአፍጥር በኋላ ታደርገዋለህ።

ለፈተናው ሦስት ነገር ይዘህ ሂድ፦ የተስተካከለውን ዕቅድ፣ የመጀመሪያ እርዳታና የልብ ማነቃቃት ሥልጠና ወረቀት ካለህ እሱን፣ እና ባዶ የመመዝገቢያ ገጽ። ገጹ ላይ ቀን፣ እንቅስቃሴ፣ ኪሎ፣ የተሠራው ድግግሞሽ እና «ስንት ይቀርሽ ነበር?» (ስንት ድግግሞሽ መጨመር ትችል እንደነበር) የሚል ዓምድ ይኑር። ከ2 እስከ 3 ይቀረኝ ነበር ካለች ክብደቱ ልክ ነው፤ 6 ካለች ቀሏል፤ 0 ካለች በዚያው ቀን ቀንስላት። ጊዜ ከተረፈህ ይህንኑ ዕቅድ ለአንድ የ60 ዓመት ሰው እንዲስማማ አስተካክለው፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ጥያቄያቸው እሱ ነው።