ከልብስ ሰፊው የወሰድኩት ድምፅ

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። «ጋሼ፣ እስቲ ይችን ያንብቡልኝ፤ ቴሌግራም ላይ ልለጥፋት ነው» አለችኝ። በምርጫው ማንን እንደምትመርጥና ለምን እንደምትመርጠው ጽፋለች። ሰባት ምክንያት ደርድራለች። አራት ነጥብ የት እንደሚገባ ታውቃለች፤ ለዘንድሮ ልጅ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። አንብቤ «ጎበዝ» አልኳትና ስልኳን መለስኩላት። እሷ ግን አልተነሳችም። «እርስዎስ በ97 ማንን መረጡ? ለምን?» አለችኝ።

«ማንን» የሚለውን ዘለልኩት። ድምፅ ምስጢር ነው፤ እስክሞት አልናገርም፤ ለእናንተም አልነግራችሁም። «ለምን» ለሚለው ግን አፌ ቀደመኝ። «የፓርቲዎቹን ፕሮግራም አወዳድሬ ነዋ» አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ውሸቴን ነበር። ያችኑ ውሸት ከሃያ ዓመት በፊት ለሌላ ሰው ነግሬው፣ ያ ሰው ከስሮባታል።

ሥራዬ ኦዲተርነት ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰው መጋዘን ስቆጥር ኖርኩ። በሞዴል 19 የገባው በሞዴል 22 ከወጣው ጋር ካልገጠመ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው እንባ ቢያፈስም «ማስረጃህን አምጣ» ነው የምለው። የአንዲት ደርዘን እስክሪብቶ ደረሰኝ ጠፋ ብዬ ሰው ሳስጨንቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለራሴ ድምፅ ግን የሐሰት ደረሰኝ ቆርጬለታለሁ።

የ97ን ምርጫ እናንተ የምታውቁት በወሬ ነው። ክርክሩ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ ሲተላለፍ ደሴ ውስጥ ሻይ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። ሎሚ ሻይ ያዘዘ ሰው ሻዩ ቀዝቅዞ ነው የሚጠጣው። ስለ መሬት፣ ስለ ማዳበሪያ ዕዳ፣ ስለ አሰብ ወደብ የማይከራከር አልነበረም። ፒያሳ አካባቢ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን አስቀምጦ የሚሰፋ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ሬዲዮናቸውን ከማሽኑ ጎን በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡና ክርክሩ ሲደርስ ፔዳሉን ያቆማሉ። ካውያው ላይ ያለው ከሰል ዐመድ እስኪሆን ያዳምጣሉ።

ምርጫው ግንቦት 7 ቀን፣ እሑድ ነበር። ዓርብ ዕለት፣ ከጁምዓ ሰላት ከሸዋ በር መስጊድ ከተመለሱ በኋላ፣ ሱሪ ላሳጥር ሄድኩ። ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ስፒል በከንፈራቸው ይዘው፣ ተንበርክከው እግሬ ሥር በጠመኔ እያሰመሩ፣

«አንተ ልጅ፣ እሑድ ማንን ነው የምትመርጠው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ያኔ ምስጢር የመጠበቅ ነገር አልነበረም፤ አገሩ ሁሉ ይናገራል።

«ለምን?»

እዚህ ላይ ነው የሳትኩት። እውነተኛው ምክንያቴ ይኼ ነበር፤ ነሐሴ 1993 አባቴ ሲሞት ያ ሰውዬ ቀብር መጣ። ዘመድ አይደለም፣ የሥራ ባልደረባም አይደለም፤ አባቴን የሚያውቀው በሰላምታ ነው። ዝናቡ አላባራ ብሎ ቅሬው፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ መቃብሩን መጨረስ አቅቶት ነበር። ውኃ እየሞላ ይናዳል። ሰውዬው ኮቱን አውልቆ ለአንድ ልጅ ሰጠና አካፋ ተቀበለ። ማታ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳየው ጥቁር ጫማው ላይ ያለው ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የሰውዬውን ንግግር አንድም አላስታውስም። ጫማው ግን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። በ97 ስሙን ከዕጩዎች መካከል ሳይ፣ ገና ክርክር ሳይጀመር፣ ጉዳዩ አልቆ ነበር።

ይኼን ብናገር ምን ነበረበት? አፈርኩ። ዲግሪ ያለኝ፣ ክራባት የማስር፣ የመንግሥት ሒሳብ የምመረምር ሰው «አባቴን ስለቀበረልኝ» ልበል? እናም የሬዲዮውን ጀመርኩ። ፖሊሲ፣ የባለቤትነት ዋስትና፣ ልማት፣ የመሬት ይዞታ። እግሬ በስፒል ተወጥሮ ቆሜ ሩብ ሰዓት ያህል አስተማርኳቸው።

እሳቸውም ስፒሉን ከአፋቸው አወጡና አንድ ነገር ጠየቁኝ። «እኔ የኩታበር ሰው ነኝ። መሬት የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ፣ በ77 ድርቅ ለአንድ ቁና ገብስ ሸጠነው ዛሬ ልጆቻችን የሰው እረኛ ነበሩ። አንዳንዴ ደግሞ ሌሊት ሳስበው፣ በጊዜ ሸጠን ቢሆን ሁለቱ ልጆቼ ይተርፉልኝ ነበር እላለሁ። የትኛው ነው ልኩ?»

ልጆቼ፣ በዚያ ዓመት ስንት ምሁር ሲከራከር ሰምቻለሁ። እንደዚህ ያለ ጥያቄ አልሰማሁም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ያ ሁሉ ክርክር የሚሽከረከረው እዚያች ላይ ነበር፤ የነገሩ ክብደት ግን በእኚህ ሰው አፍ ውስጥ ነበር። እኔ ምን መለስኩ? «ጋሼ፣ እሱ ቴክኒካል ነገር ነው» አልኳቸው። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። አንገታቸውን ነቀነቁና «የተማረ እንደዚህ ነው» ብለው ወደ ሱሪዬ ተመለሱ። እሑድ ዕለት እኔ ያልኩትን መረጡ።

ማን እንዳሸነፈና ከዚያ በኋላ አገሩ ላይ የመጣውን መዓት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አልገባበትም።

ነገሩን የሰማሁት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ቤታቸው ቡና ተጠርቼ ነበር። ዕጣኑ እየጨሰ፣ ባለቤታቸው አቦሉን እየቀዱ ስለ ቦኖው ያማርራሉ። ሦስት ቀን ውኃ የለም፣ ጀሪካኑ ተሰልፎ ውሏል። ጋሼ ሳቅ አሉና «ያን ቦኖ ያስተከለልን እኮ እንትና ነው» አሉ። እንትና ያሉት በ97 የኔኛው ተፎካካሪ የነበረውን ሰው ነው። ቢሮ ውስጥ ሲሠራ የሰፈሩ ሴቶች አቤቱታ ይዘው ሲሄዱበት አስቀምጦ ሰምቷቸው፣ ሁለት ጊዜ እዚያ ሰፈር ድረስ መጥቶ፣ ቧንቧው ተዘረጋ። «በ97 እሱን ነበር ልመርጥ ያሰብኩት» አሉ።

«ታዲያ?» አልኳቸው።

«አንተ ስትናገር የኔ ምክንያት አነሰብኝ። ሰው ስለ አገር እያወራ እኔ ስለ ቦኖ ላውራ? አፈርኩ፤ ተውኩት።»

ስኒው እጄ ላይ ቀረ። የአባቴን ቀብር፣ አካፋውን፣ ጫማውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና መሳቅ ጀመሩ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እንዲህ አትለኝም ነበር! ቀብርና ቦኖማ እኩያ ናቸው፤ ተከራክረን አንዳችን አንዳችንን እንረታ ነበር» አሉ። ፊቴን ሲያዩ ደግሞ «አብሽር፣ አለፈ» አሉኝ። አላለፈልኝም። በ97 የአውሮፓ ኅብረትም የካርተር ማዕከልም ታዛቢ ልከው ነበር፤ ድምፅ ተሰረቀ፣ አልተሰረቀም እየተባለ አገር ሲታመስ ከረመ። እዚያ በረንዳ ላይ ግን ታዛቢ አልነበረም። በጠራራ ፀሐይ አንድ ድምፅ ወሰድኩ፤ ያውም ሱሪዬን እያሳጠሩልኝ።

እሳቸው ካረፉ ዓመታት አለፉ። በረንዳው ላይ አሁን የሞባይል ካርድና የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። በ1979 ሰኔ፣ በኢሠፓ ዘመን ለብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ እናቴ ሄዳ ስትመለስ «ማንን መረጥሽ?» አልናት። «እኔ እንጃ፤ ተጠራሁ፣ ሄድኩ፣ መጣሁ» አለችን። ምክንያት የሚባል ነገር የሌለበት ዘመን ነበር። እናንተ ምክንያት የሚጠየቅበት ዘመን ላይ በመድረሳችሁ እቀናለሁ። ደግሞ አዝንባችኋለሁ። ዕጩው ቲክቶክ ላይ የጨፈረውን ታውቃላችሁ፤ ቀበሌያችሁ በየትኛው በር እንደሚገባ አታውቁም። በእኛ ጊዜ ወረቀት አንብበን ነበር የምንከራከር ልል ነበር፤ ግን ያንን ወረቀት ያነበበው የእኔ ትውልድ እርስ በርሱ ተላልቋል፤ ስለዚህ ይቅር።

ካርድ አውጡ፣ በሰዓቱ ድረሱ የሚለውን ቦርዱ ይንገራችሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ማንን እንደመረጣችሁ መደበቅ መብታችሁ ነው። ለምን እንደመረጣችሁ ስትናገሩ ግን እውነተኛውን ተናገሩ፤ ካፈራችሁበት ዝም በሉ። የተዋሳችሁትን ምክንያት ለሰው አታበድሩ፤ ሰውየው የራሱን ጥሎ ያንተን ይዞ ይሄዳል።

ሌላም አለ። ምርጫ ጣቢያ ስትገቡ የሚሰጣችሁ ወረቀት ሁለት ነው፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልል ምክር ቤት። ቦኖውና የጤና ጣቢያው ነገር ወደ ክልሉ ያደላል፤ የአገሪቱ ሕግ፣ የፌዴራል በጀት፣ የጦርነት አዋጅ አዲስ አበባ ነው። እኔና ጋሼ በዚያ ዓርብ ሁለቱን በአንድ ማሰሮ ነበር የቀቀልናቸው። ለሁለቱ ወረቀት ሁለት የተለያየ ምክንያት ሊኖራችሁ ይችላል፤ ሁለት የተለያየ ፓርቲም።

የእኔን የዛሬ ምክንያት ልንገራችሁ። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ያለ ጨረታ የተገዛ ዕቃ፣ ደረሰኝ ያልቀረበበት ወጪ ሁሉ እዚያ ይነበባል። 547 ወንበር ካለው ቤት ውስጥ ያን ግኝት አንብቦ «ይኼ ገንዘብ የት ገባ?» የሚል ሰው ነው የምፈልገው። ለቅሶ መድረስ ጥሩ ነው፤ ግን ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሪፖርት ያነባል ማለት አይደለም። በእኔ ሙያ ደግ ሰው ስንት መጋዘን አጉድሎ አይቻለሁ። ስለዚህ የአባቴ ቀብር ምክንያት ሊሆን አይገባም ነበር፤ ይኼን አምኜ ነው የምጽፈው።

እንዲህ ብዬ ሰኔ 14 ቀን 2013 ከጧት ጀምሮ ተሰለፍኩ። ከፊቴ ለቆመው ወጣት ስለ ኦዲት ሪፖርት እያስረዳሁት ነበር፤ ታክቶት የጆሮ ማዳመጫውን ሰካ። መጋረጃው ውስጥ ገብቼ እስክሪብቶውን ስይዝ ግን የኦዲት ሪፖርት ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ከዚያ ምርጫ በፊት በነበረው ክረምት ዝናብ ላይ ሲያገኘኝ ዣንጥላውን ወደ እኔ አዘንብሎ፣ የራሱ ትከሻ እየራሰ ቤቴ ድረስ የሸኘኝ ዕጩ ነው። እጄ ወደዚያ ሄደ። የኔ ነገር ይኼ ነው።

ረቡዕ ዕለት ልጅቱን አስጠራኋትና ይኼን ሁሉ ነገርኳት። «ከሰባቱ ውስጥ ማንም ሳይነግርሽ፣ ከማንበብሽም በፊት፣ ልብሽ ውስጥ የነበረው የትኛው ነው?» አልኳት። ስልኳን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ አንድ በአንድ ታጠፋ ጀመር። ሰባቱም ሄዱ። ሰሌዳው ባዶ ሲሆን አንድ አዲስ መስመር ጻፈችና አሳየችኝ፦

«የሰፈር ስብሰባ ላይ እናቴ ስትናገር አላቋረጣትም።»

ይኼ ምክንያት ነው? ልላት ነበር። በጀት አለ፣ ሕግ አለ፣ የኦዲት ግኝት አለ ልላት ነበር። አፌ ድረስ መጣ። ጋሼ ስፒላቸውን በከንፈራቸው እንደያዙ ታዩኝ።

«አማርኛው ጥሩ ነው» አልኳት። ቡናው በረካ ላይ ደርሶ ነበር፤ ስኒዬን አቀበለችኝ።