መልስ፦ በማይንክራፍት (በብሎክ የሚገነባበት የኮምፒውተር ጌም) የሠራሁትን ቤት በ3ዲ ፎቶ ማንሳት

«ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው ዓይኔን ያመኛል፣ ምን አጠፋሁ?» ላልከው፦ ወንድሜ፣ 3ዲ የሚሆነው አንዱ ፎቶ ለግራ ዓይን፣ ሌላው ትንሽ ወደ ቀኝ ተሂዶ ለቀኝ ዓይን ሲነሳ ነው፤ አንተ ግን በመሃል ካሜራውን አዙረኸዋል መሰለኝ። ማዞር የለም! ኪቦርዱ ላይ ኤፍ 1 ተጫንና ስክሪኑ ላይ ያለውን ምልክት ሁሉ ደብቅ። በኤፍ 2 አንዱን አንሳ። ከዚያ ማውሱን ሳትነካ በዲ ቁልፍ ብቻ ወደ ቀኝ ሄደህ ሁለተኛውን ድገም። ምን ያህል ልሂድ ካልክ፣ በጣም የሚቀርብህ ነገር ያለበትን ርቀት ለ30 አካፍል። 30 ብሎክ ከራቀ 1 ብሎክ ይበቃል። ደመናው በሁለቱ ፎቶ መሃል ስለሚንቀሳቀስ ከሴቲንግ አጥፋው። እኔን ያስቸገረችኝ ግን ዶሮ ናት፤ በግራው ፎቶ ደጃፍ ላይ ቆማለች፣ በቀኙ የለችም፣ ስታየው እንደ መንፈስ ብልጭ ድርግም ትላለች። ያለ 3ዲ መነጽር ዓይንህን አንሸዋረህ የምታይ ከሆነ የቀኙን ፎቶ በግራ አድርገው፤ አለዚያ ቅርቡ ሩቅ፣ ሩቁ ቅርብ ይሆንብሃል።